ዶሮዎቹን ለልጆቹ ተዉላቸው

ምድር ባቡር 31 ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ መዝገብ ነበር። ባቡሩ ስንት ሰዓት ገባ፣ ስንት ሰዓት ወጣ፣ ስንት ፉርጎ ጎተተ፣ ለምን ዘገየ። ጡረታ ወጥቼ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ግቢዬ ውስጥ ኒም ዛፍ ስር ስቀመጥ እጄ የሚጽፈው አጣ። የልጅ ልጆቼ ደግሞ ከትምህርት ቤት መልስ እኔ ጋ ነው የሚውሉት። ያኔ ሚጡ 9 ዓመቷ ነበር፣ አቡሽ 6። ስልክ ላይ ተደፍተው ሲውሉ አላስችል አለኝና ዶሮ ገዛሁላቸው።

ይኸው ሁለት ዓመት ሆነን። አሁን በበራችን የሚያልፍ ወላጅ ሁሉ "አባባ፣ እኔስ ለልጆቼ ብገዛ?" ይለኛል። ግዙ እላለሁ። ግን አባት ውሃ እየቀዳ፣ እናት ኩሱን እየጠረገች፣ ልጁ ፎቶ ብቻ የሚያነሳ ከሆነ ያው ስልኩ ጋ ተመለስን ማለት ነው።

እኔም ያበላሸሁት እዚህ ላይ ነበር። ጠዋት 12 ሰዓት ተነስቼ ውሃ እቀይራለሁ፣ ጥሬ እበትናለሁ፣ አጸዳለሁ። ልጆቹ ሲመጡ የሚቀራቸው ማየት ብቻ ነው። በሁለት ሳምንት ሰለቻቸው። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ሰው ሲሠራ ቆሜ ማየት አልወድም። አንድ ቅዳሜ ጉልበቴ ያዘኝና አልጋ ላይ ዋልኩ። ወደ 7 ሰዓት ገደማ ሚጡ እየሮጠች ገባች።

"አባባ! ውሃው እኮ ፈልቷል!"

እውነቷን ነው። የቆርቆሮ ሰሐኑን ፀሐይ ላይ ነበር የማስቀምጠው። ጣት የማያስገባ ውሃ ከበው ዶሮዎቹ አፋቸውን ከፍተው ቆመዋል። እኔ ለሳምንታት ያላየሁትን ልጅቷ በአንድ ቀን አየችው። ሰሐኑን አንስታ ኒሙ ስር ወሰደችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው የእነሱ ነው፣ ወንበሩ የኔ።

መቼ፣ የትኛዋን

ድሬ ላይ ከሆናችሁ ጥቅምት ላይ ጀምሩ። ግንቦትና ሰኔ ሙቀቱ ሲከፋ ዶሮዎቹ ጠንክረው ይጠብቁታል። የአንድ ቀን ጫጩት ልጅን ያጓጓል፤ ለጀማሪ ግን አይሆንም። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፣ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየቀነሰ ይሄዳል። ቀን ቀን ድሬ ራሷ አምፖል ናት። ሌሊት መብራት ከጠፋ ግን ጫጩቶቹ ይደራረቡና ይታፈናሉ። ስለዚህ የ45 ቀን የሚባሉትን ግዙ። አራት ወይም አምስት ይበቃል። አንድ ብቻ አትግዙ፤ ብቻዋን የሆነች ዶሮ ቀኑን ሙሉ ስትጮህ ትውላለች።

ቦቫንስ ብራውን የሚባሉት ቀያዮቹ የፈረንጅ ዶሮዎች 5 ወር ሲጠጋቸው መጣል ይጀምራሉ። ከተመቻቸው በዓመት ወደ 300 እንቁላል ይሰጣሉ። መታቀፍ ግን አያውቁም ማለት ይቻላል። የሐበሻ ዶሮ ጥቂት ነው የምትጥለው፤ ግን ትታቀፋለች፣ ትፈለፍላለች፣ ጭላት ሲያንዣብብ ክንፏን ዘርግታ ጫጩቶቿን ትሰበስባለች። ለልጅ የምታስተምረው እሷ ናት። እኛ አራት ቀያይና አንዲት ገብስማ የሐበሻ ዶሮ አለችን። አንገተ መላጣ ካገኛችሁ ደግሞ እንዳታልፏት። ላባዋ ስለሚያንስ ሙቀቱን ትችለዋለች።

ፈንግል

ቀያዮቹ ሁለተኛ ዙር ናቸው። መጀመሪያ የገዛሁት ስድስት ነበር። ሻጩ "ክትባታቸውን ጨርሰዋል" አለኝ። ወረቀት አልጠየቅኩም። 31 ዓመት ሙሉ ወረቀት የሌለው ጭነት አላሳልፍም ስል የኖርኩ ሰውዬ! በአሥረኛው ቀን አንዷን ጥግ ላይ ተኮራምታ አገኘናት፤ ኩሷ አረንጓዴ ውሃ ሆኗል። በማግስቱ ሌላዋ አንገቷ ተጠምዝዞ ሰማይ ሰማይ ታያለች። በሳምንት ውስጥ አምስቱ አለቁ። አቡሽ እንዳያይ ልደብቅ ብዬ ነበር። እሱ ግን ቀድሞኝ ቆጥሯል።

የተረፈችው ገብስማዋ ናት። ጭንቅላቷ እስከ ዛሬ ይንቀጠቀጣል። ስትሄድ ሳያት ድሮ ሐዲዱ ላይ እየተንዘፈዘፈች ትመጣ የነበረችው የሰው ማመላለሻ ባቡር፣ ሊቶሪና፣ ትዝ አለችኝ። ስሟ በዚያው ሊቶሪና ሆኖ ቀረ።

የጨረሳቸው ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ነው፤ መድኃኒት የለውም። መከላከያው ክትባት ነው፤ ክትባቱ እዚሁ አገር ውስጥ፣ ቢሾፍቱ ይመረታል። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚሆን ነው፤ ለአምስት ዶሮ መክፈት ብክነት ነው። ሚጡ መላ መታች። ደብተሯን ይዛ ቤት ለቤት ዞረችና የማን ግቢ ስንት ዶሮ እንዳለ መዘገበች። 43 ዶሮ ሆነ። ወጪውን ለ43 አካፈለች፤ የማካፈል ስሌት በዚያ ሳምንት ገባት። ዶሮዎቹን ግን አንድ ቦታ ሰብስባችሁ እንዳታስከትቡ። የአንዷ በሽታ ለሁሉም ይተርፋል። የእንስሳት ሐኪሙ ነው ቤት ለቤት የሚዞረው፤ ልጅቷ ደግሞ ዝርዝሯን ይዛ ከፊት ከፊቱ።

ሁለተኛው ችግር ሙቀቱ ነው። ክትባቱ በረዶ ያለው ፔርሙዝ ውስጥ ካልመጣ ዋጋ የለውም። ከተበጠበጠ በኋላም ብዙ አይቆይም። ስለዚህ ድሬ ላይ ይህ ሥራ ፀሐይ ሳይበረታ፣ በጠዋት ነው። በዓይን ጠብ የሚደረገውን ዓይነት ካገኛችሁ ለልጆቹ ጥሩ ነው። አንዱ ዶሮዋን አቅፎ ይይዛል፣ ሐኪሙ ጠብ ያደርጋል፣ ሌላው ይጽፋል። መቼ እንደሚደገም ጠይቁና ቀኑን ደብተሩ ላይ በቀይ ጻፉት። አዲስ ዶሮ ስታመጡ ሳትከተብ ከነባሮቹ እንዳትቀላቅሏት። ከተከተበችም በኋላ ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ።

ቤቱና ሙቀቱ

ቤቱን ከአሮጌ ጣውላና ከወንፊት ሽቦ ሠራነው። ለአምስት ዶሮ ሁለት ካሬ ሜትር በቂ ነው፤ ቀን ቀን ግቢ ውስጥ ይጭራሉ። ረጅሙ ጎኑ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘርጋ፤ የጠዋትና የማታ ፀሐይ በጠባቡ በኩል ብቻ ይገባል። ከመሬት ከፍ አድርጉት። አንድም ለሸለምጥማጥ፣ አንድም ለጎርፍ። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ያደረገውን ያየ ሰው መሬት ላይ ምንም አያስቀምጥም።

ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ላዩ ላይ የማሽላ አገዳ ደርቡበት። እኛ ሳንደርብ ነው የጀመርነው። ግንቦት ላይ አንድ ቀን 8 ሰዓት ገደማ አንዷ ቀይ ዶሮ በዚያ ምጣድ ስር ሞታ ተገኘች። በኋላ በሌላ ዶሮ ተካናት፤ አገዳው ግን በዚያኑ ቀን ነው የተደረበው።

ለልጆቹ ያስረዳኋቸው እንዲህ ነው። ዶሮ አያልባትም። የሰውነቷ ሙቀት 41 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በእኛ ቢሆን ሆስፒታል ያስኬዳል። ስትሞቅ አፏን ከፍታ ታለከልካለች፣ ክንፏን ከጎኗ ታርቃለች። ይህን ያየ ልጅ ማንንም ሳይጠይቅ ውሃ ይቀይር። ግንቦት ላይ እኛ ሃይላንድ ውስጥ ውሃ አግግረን መጠጫው አጠገብ እናጋድማለን፤ ሄደው ይለጠፉበታል። መኖ ደግሞ ማለዳና ማታ ነው የሚሰጠው፤ የተበላ ነገር ሲፈጭ ራሱ ሰውነትን ያሞቃል። ከ7 እስከ 10 ሰዓት ድሬ ሰውም ይተኛል፣ ዶሮም ትተኛ።

መጠጫውን ራሳቸው ይሥሩት። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ከሥሩ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ አንድ ቀዳዳ ይበሳል። ቀዳዳውን በጣት ይዞ ውሃ መሙላት፣ ክዳኑን ጥብቅ ማድረግ፣ ጠርዙ ከቀዳዳው ከፍ የሚል ሰሐን ውስጥ ማቆም። ውሃው ይፈስና ቀዳዳውን ሲሸፍን ቀጥ ይላል። ዶሮዋ ስትጠጣ እንደገና ይሞላል። አቡሽ አንድ ሙሉ ከሰዓት እዚያ ላይ ቁጢጥ ብሎ ዋለ። "ማን ነው የሚዘጋው?" ይለኛል። ክዳኑን ክፈተው አልኩት። ከፈተው፣ ውሃው ሁሉ እግሩ ላይ ፈሰሰ። ዘጋው፣ ቆመ። አየር የሚባለውን ነገር ከዚያ በኋላ ማስረዳት አልከበደኝም።

መኖና ሒሳብ

አንድ የምትጥል ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ትበላለች። አምስቱ ወደ 600 ግራም፣ በወር 18 ኪሎ። ይህን እኔ አልነገርኳቸውም፤ በጣሳ እየሰፈሩ ሱቅ ሚዛን ላይ አስመዝነው ደረሱበት። ለጣይ ዶሮ የተዘጋጀው መኖ ዋናው ይሁን። ማሽላ፣ የደረቀ እንጀራ፣ የጎመን ቅጠል ተጨማሪ ነው። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ይባላል፤ ጥሬ ብቻ ከሰጣችኋት ግን እንቁላሉን እናንተ ናችሁ የምታልሙት። የሻገተ ነገር ፈጽሞ አይሰጥ። ገረባ፣ የጫት ትራፊው፣ ደግሞ ለፍየል ነው።

ቅርፊቱ የሳሳ እንቁላል ካያችሁ ካልሲየም አንሷታል። የእንቁላል ቅርፊት ምጣድ ላይ አመስ አድርጋችሁ ድቁስ አድርጉና ስጧት። በደንብ ካልደቀቀ የራሷን እንቁላል መብላት ትለምዳለች። ቅርፊት ከምን እንደተሠራ ለማሳየት አንድ እንቁላል ብርጭቆ ውስጥ አስቀምጣችሁ አቼቶ ሙሉበት። አረፋ ያወጣል። በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ቅርፊቱ የለም፣ እንቁላሉ እንደ ኳስ ተለጥጦ ይቀራል። አቡሽ ሊያነጥረው ሞክሮ ምንጣፌን አበላሸብኝ። ግቢ ውስጥ አድርጉት።

ሊቶሪና ስትታቀፍ

ጥር ላይ ሊቶሪና ጎጆዋ ላይ ተደፍታ አልነሳም አለች። ስንጠጋ ላባዋን ነፍታ ትቆጣለች። ይህን ጊዜ ነው ልጆቹን መጥራት። እኛ ያኔ አውራ ዶሮ አልነበረንም፤ ከጎረቤት፣ አውራ ካለበት ቤት፣ 10 እንቁላል ለመንን። ከሱቅ የሚገዛው አውራ ያላየ የእርባታ እንቁላል አንድ ወር ቢታቀፉትም እንቁላል ነው። ሁሉም ላይ በእርሳስ ቁጥር ጻፉበት። ሌሎቹ ዶሮዎች መጥተው አጠገቧ ስለሚጥሉ ቁጥር የሌለው በየቀኑ ይወጣል።

ከተራ ማታ አስታቀፍናት። ጥር 10። ሚጡ በጣቷ ቆጠረች፣ 21 ቀን፣ የካቲት 1። ከዚያ መዝገብ ከፈትን። እንደ ጣቢያው ነው። ሊቶሪና በቀን አንዴ ትነሳለች፤ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ አመድ ላይ ትንከባለላለች፣ ትመለሳለች። "ወጣች 4:10፣ ገባች 4:28።" አንድ ቀን 40 ደቂቃ ቆየች። አቡሽ "ምክንያት" የሚለው ቦታ ላይ ድመት ሥሎበታል።

በሰባተኛው ቀን ማታ እንቁላሎቹን አየናቸው። የሶፍት መሃል ካርቶን በስልክ መብራት ላይ አቁማችሁ እንቁላሉን ጫፉ ላይ ታስቀምጣላችሁ። ክፍሉ ጨለማ ይሁን። ቁጥር 4ን አነሳን። ቀያይ ክሮች እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግተዋል፤ መሃላቸው ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ አለች፣ ትንቀሳቀሳለች። አቡሽ ትንፋሹን ዋጥ አደረገ።

"ምንድነው?"

"ዓይኑ ነው" አልኩት።

"ታዲያ አየን እንዴ?"

ሁለቱ ጥርት ብለው አበሩ፣ ምንም የላቸውም። አወጣናቸው። በፍጥነት ሥሩ፣ እንቁላሉ እንዳይበርድ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ቀናት ግን አትንኳቸው።

የካቲት 1 ጠዋት ከቁጥር 7 ውስጥ ድምፅ መጣ። ከዚያ ትንሽ ስንጥቅ። ከዚያ ለሰዓታት ምንም። ሚጡ አለቀሰች፤ "እንርዳው" ትላለች። እዚህ ላይ ግን እጅ መሰብሰብ ነው። ጫጩቱ ቅርፊቱን ሰብሮ እስኪወጣ አንድ ቀን ሊፈጅ ይችላል። በዚያ ጊዜ የቀረውን አስኳል ወደ ሆዱ ያስገባል፣ የደም ሥሮቹም ይደርቃሉ። ቅርፊቱን ብትልጡለት ይደማል። ያ አስኳል ስንቁ ነው፤ ለሁለት ቀን ያህል ሳይበላ የሚቆየው በእሱ ነው። ከስምንቱ ሰባቱ ወጡ። ቁጥር 2 ውስጥ ያለው ሞቶ ቀረ፤ ልጆቹ ኒሙ ስር ቀበሩት።

ከሰባቱ ሁለቱን ጭላት ወሰደ። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላያቸው ላይ የሽቦ ክዳን ያስፈልጋል፤ እኛ ዘግይተን ነው ያሰብነው። የጫጩት ኩስ ደም ከቀላቀለ ወዲያው ሐኪም ጥሩ። ሰጋቱራው እርጥብ መሆኑንም ተመልከቱ፤ በሽታው እርጥበት ይወዳል።

ገበያው

ዐቢይ ጾም ሲገባ እንቁላሉ ቤታችን ተከመረ። 55 ቀን ማን ይበላዋል? ሚጡ "ጎረቤታችን ሐጂ ይበላሉ" አለች። የድሬ ጥሩነት ይህ ነው፤ አንዱ ቤት ሲጾም ሌላው ቤት ይጠበሳል። ማድረሱ የአቡሽ ሥራ ሆነ። የመጀመሪያ ቀን ስድስት ይዞ ሄደ።

"አንተ ልጅ፣ ስድስት አላልክም እንዴ? አምስት ነው እኮ" ይሉታል ሐጂ።

አቡሽ ዝም። ኪሱ ውስጥ የሆነ ነገር እየፈሰሰ ነው።

"በል ሂድ ለአያትህ ንገር፤ የአምስቱን ነው የምከፍለው። ነገ በሰሐን አምጣ።"

ደብተሩ ላይ "የተሰበረ 1" ተብሎ ተመዘገበ። የተሰበረውም ሒሳብ ውስጥ ይግባ፤ ካልገባ ትርፉ የውሸት ነው። የቆየ እንቁላል ለጎረቤት እንዳይሄድ ደግሞ ውሃ ውስጥ ይሞከር። ትኩሱ ይሰምጣል፤ የቆየው ውስጡ አየር ስለሚሰፋ ይንሳፈፋል።

ቢላዋው

ወንዶቹ ጫጩቶች ለበዓል እንደሆኑ ገና ሳይፈለፈሉ ነግሬያቸው ነበር። አትዋሿቸው። "ጠፋች" ብላችሁ ወጥ ላይ ካቀረባችኋት ልጁ ያውቃል። የቤቱ ሕግ "ስም የወጣላት አትታረድም" የሚል ነው። ከአምስቱ ሦስቱ ወንድ መሆናቸው በታወቀ ማታ አቡሽ ለሦስቱም ስም አወጣላቸው። ተደራደርን። አንዱ አውራ ሆኖ ይቅር፣ አንዱ ለሐጂ ይሰጥ፣ አንዱ ለእንቁጣጣሽ። አቡሽ በዚያ ቀን ወጥ አልበላም፤ አላስገደድኩትም። ሚጡ ግን ከእናቷ ጋር ቁጭ ብላ ስትበልት አየች። ዶሮ ጥርስ ስለሌላት እህሉን የምትፈጭበት ጡንቻ ሲሰነጠቅ ውስጡ ጠጠር፣ የሸክላ ስባሪ፣ አንዲት ሰማያዊ ዶቃ። ዶቃዋ የራሷ ናት። ፋሲካ ላይ የተበጠሰባት።

እጅ መታጠብ አይዘለልም። ዶሮ ጤነኛ ሆናም ሳልሞኔላ ልትይዝ ትችላለች። ከነኳት በኋላ በሳሙና፤ መሳምም የለም። ለዶሮ ቤት የሚደረግ ጫማ እዚያው በር ላይ ይቀመጥ።

ባለፈው ወር ግቢው በላባ ተሞላ። አንገታቸው ተገለጠ፣ እንቁላሉ ቆመ። ልጆቹ ፈንግል መስሏቸው ደነገጡ። ላባ መቀየር ነው። ዶሮ ዓመት አለፍ ሲላት አሮጌውን ታራግፋለች፣ አዲስ እስኪያበቅል ለሁለት ወር ያህል መጣል ታቆማለች። ላባ ከፕሮቲን ስለሚሠራ መኖው ላይ ትንሽ ፋጉሎ ጨመርንላቸው። የትናንትናውን ገጽ አየሁት። የሚጡ ጽሑፍ ነው፦ "ውሃ 3 ጊዜ። እንቁላል 0። ሊቶሪና ወጣች 2:15፣ አልተመለሰችም፣ ፍለጋ ላይ ነን።" ከሥሩ የአቡሽ ፊደል፦ "ሐጂ ግቢ ተገኘች።"